የቅሬታ ደብዳቤ፦ የአንድ ዓመት ልጅ ይዘው ወደ መዝናኛ ፓርኩ ስለሚመጡ ቤተሰቦች

ለመዝናኛ ፓርኩ ሥራ አመራር
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለሕፃናትና ለአሳዳጊዎቻቸው የሚሰጠው አገልግሎት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ፓርኩ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ያለ ክፍያ ያስገባል፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ችግሩ ትኬት የማይቆረጥለት ልጅ ከጎብኚ አለመቆጠሩ ነው። ቤተሰቡ መቼ እንደሚበላ፣ የት እንደሚያርፍና በስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት የደህንነቱን ጉዳይ እናስቀድም። በትንሿ ባቡር ላይ አንዱ ሠራተኛ ልጁን ጭን ላይ አድርጎ መሳፈር ይፈቅዳል፤ ተረኛው ሲቀየር ሌላው ይከለክላል። በመግቢያው የተሰቀለው የቁመት መለኪያ ከ90 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል። የአንድ ዓመት ልጅ ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ታዲያ ከመለኪያው በታች የሆነ ልጅ ጨርሶ አይሳፈርም ወይስ ከአዋቂ ጋር ይሳፈራል? ሰሌዳው ምንም አይልም።

ይህ የመስተንግዶ ጉድለት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ምክንያቱን እናስረዳ። ከላይ የሚወርደው መያዣ ብረት የሚቆመው የአዋቂው ጭን ሲያግደው ነው። ልጁ ከአዋቂው አጠገብ ከተቀመጠ በልጁ ጭንና በብረቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይቀራል፤ በዚያ ሾልኮ ሊወርድ ይችላል። ልጁ በአዋቂው ጭን ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ብረቱ የሚጫነው የልጁን ሆድ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ የልጁ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ ነው፣ የአንገቱ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፣ ባቡሩ ድንገት ሲቆም እጀታ ጨብጦ ራሱን መደገፍም አይችልም። «አጥብቀው ይያዙት» የሚለው የሠራተኞቻችሁ ምክር ኃላፊነትን ወደ ወላጅ ማሻገር ነው፤ ክንድ የደህንነት ቀበቶን አይተካም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መጫወቻ መግቢያ ላይ ለሕፃን ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከተፈቀደም በምን አቀማመጥ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ውሳኔውም ከአምራቹ መመሪያ ይወሰድ እንጂ በዕለቱ ተረኛ ግምት አይሁን። በሚሽከረከሩት ፈረሶች መካከል ያለውን፣ ከፍ ዝቅ የማይለውን አግዳሚ ወንበር ግን እንዳታነሱብን። ደግፈውት ሳይሆን ራሱን ችሎ መቀመጥ ለሚችል ልጅ ከሚመቹት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ወረፋ ነው። አንደኛው ወላጅ ተጫውቶ ሲወጣ ልጁን ሲጠብቅ የቆየው ሌላኛው እንደ አዲስ ከኋላ እንዲሰለፍ ይገደዳል። የአንድ ሰዓት ወረፋ ሁለት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ከፊሉ የቀን እንቅልፍ ስለሆነ ሁለት ሰዓት በወረፋ ሲባክን እንቅልፉም አብሮ ይባክናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ ሠራተኞቻችሁም ያውቁታል። ሌሎች ፓርኮች የሚሠሩበት መንገድ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ወላጅ ሲገባ ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ለሁለተኛው ወላጅ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ልጁን ይቀበልና ሁለተኛው በመውጫው በኩል ይገባል። የሚሳፈረው ሰው ቁጥር ያው ስለሆነ ፓርኩ የሚያጣው ነገር የለም።

የልጅ ጋሪ ማቆሚያው ጥላ የለውም። ፀሐይ ላይ የቆየ ጋሪ የቀበቶው ማያያዣ ብረት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ወላጆች በብርድ ልብስ ሲሸፍኑት ደግሞ አየር ታፍኖ ውስጡ ይብስ ይግላል። ሠራተኞች ጋሪዎቹን ሳይናገሩ ማዛወራቸውም ይቁም፤ ቢያንስ ግማሹ ጋሪው ላይ የሚታሰር፣ ግማሹ በወላጅ እጅ የሚቀር ቁጥር ይሰጥ።

በር ላይ ያለው ፍተሻ የፈላ ውኃ የያዘ ቴርሞስ አያስገባም፤ ውስጥ ያለው ካፌም ለጡጦ ሙቅ ውኃ አይሰጥም። የዱቄት ወተት የሚጠቀም ቤተሰብ ምን ያድርግ? ዱቄቱ ከጀርም ነፃ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባላነሰ ውኃ ተበጥብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰጣል። የተበጠበጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ልጁ መጥባት ከጀመረ ደግሞ ከ1 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ የቀኑን ወተት ከቤት አዘጋጅቶ መምጣት አይቻልም። ቴርሞሱ ይፈቀድ፣ ወይም ሙቅ ውኃ ይዘጋጅ።

የዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ ያለው በሴቶች መጸዳጃ ቤት ብቻ ነው፤ ልጁን ይዞ የመጣ አባት የት ይሂድ? ያሉትም ጠረጴዛዎች ማሰሪያቸው ተበጥሷል። 9 ኪሎ የሚመዝንና አንድ አፍታ የማያርፍ ልጅ ከዚያ ለመውደቅ አንድ መገላበጥ ይበቃዋል።

በመጨረሻም የልጆች ምግብ ሣጥን። ፈንዲሻና ሙሉ የወይን ፍሬ ገና መንጋጋ ላላወጣ ልጅ የሚያንቁ ነገሮች ናቸው። ወይኑ በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጠቅ፤ ፈንዲሻው 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ በሚሰጠው ሣጥን ውስጥ አይግባ። በስጦታ የምትጨምሩት አሻንጉሊትም ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከሆነ ጎማውና ቁልፉ ሊነቀል አይገባም።

ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ስለመሳፈር ያለው ሕግ ግልጽ እስኪሆን ድረስ ትንሿ ባቡር ሕፃናትን እንዳትጭን፣ በሌሎቹ ነጥቦች ላይም የትኛው መቼ እንደሚስተካከል በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ሕፃናት ይዘን የምንመጣ ደንበኞች