ቀለም የጠጣ ወረቀት፦ የወረቀት እደ ጥበብ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን ዘንድሮ ካርድ፣ ዕልባትና የደብተር ሽፋን ሠርቷል። ካርድ በየዓመቱ ስለምንሠራ ይሄ ብቻውን ወሬ አይሆንም። አዲሱ ነገር ከጽሑፉና ከአበባው በፊት የሚሠራው መደቡ ነው፤ ልጆቹ ባክግራውንድ የሚሉት። አምና ነጩ ወረቀት ላይ በቀጥታ እንጽፍ ነበር። ዘንድሮ ክበቡ ውስጥ የገባ ወረቀት ሁሉ ቀለም ሳይጠጣ አልወጣም።

የጀመርነው በመስከረም፣ ልጆቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አዙረው በተመለሱ ሰሞን ነው። ወረቀቱን በስፖንጅ አርሰን የማኅተም ቀለም በውሃ አቅጥነን ጠብ ጠብ አደረግንበት። ሳይደርቅ ጨው ነሰነስንበት። ጨው ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ደርቆ ሲራገፍ ኮከብ የመሰለ ነጠብጣብ ይቀራል። ደቃቅ ጨው ትንንሹን፣ ሻካራው ትልልቁን ያወጣል። በፌስታልም ሠርተናል። ፌስታሉ ተጨማድዶ እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል፤ እስኪደርቅ አይነካም።

ደሴ ላይ "እስኪደርቅ አይነካም" ማለት ግን ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ከጦሳ ተራራ ጉም የወረደ ዕለት ወረቀቱ ጠዋትም ማታም ያው እርጥብ ነው። ሲባጎ ወጥረን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልነው፤ ብዙም አልረዳም። ቆላ ቀመስ በሆኑት በኮምቦልቻ ልጆች ቀንተናል። ስለዚህ ብዙ ቀለም የሚፈልገውን ሥራ ወደ ታኅሣሥና ጥር አዞርነው። ብርዱ ቢጠነክርም ፀሐይ አለ።

አምስተኛ ክፍሎች የወደዱት የጧፉን ነው። በጧፍ የተጻፈ ነገር ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። ቀለም ሲለቀለቅበት ሰሙ ውሃ ስለማይቀበል መስመሩ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በዚህ ዘዴ ምስጢር ይላላኩ እንደነበር ሰምቻለሁ። እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ።

እርድም ሞክረናል። ቢጫው በጣም ያምራል፤ የሳሙና ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ይዞራል። ችግሩ ፀሐይ አይችልም። መስኮት ላይ የለጠፍናቸው ካርዶች ወዲያው ገረጡ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠነው ግን ለተልባው ሥራ ነው። ቱርኮች ኤብሩ የሚሉት ጥበብ አላቸው፤ ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ አይቀባም። ዝልግልግ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና በቀጭን እንጨት ይጎተታል፣ ይጠማዘዛል። ከዚያ ወረቀቱ ከላይ ይተኛበታል፤ ሲነሣ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ውሃውን የሚያወፍሩት ከቁጥቋጦ በሚገኝ ሙጫ ነው፤ ቀለሙ እንዲሰፋ የከብት ሐሞት ይጨምሩበታል። ያን ሙጫ እኛ ከየት እናመጣለን? ተልባ ግን ወሎ ውስጥ ከማን ቤት ይጠፋል! አንድ ሲኒ ያልተቆላ ተልባ በአንድ ሊትር ውሃ ቀቅለን፣ ትኩሱን በሻሽ አጠለልነው። ከቀዘቀዘ አይወርድም። ሐሞቱ ከሥጋ ቤት መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ አፍንጫውን ያልያዘ አልነበረም።

የማኅተም ቀለሙ እዚህ ላይ እምቢ አለ። ውሃው ውስጥ ይሟሟና ይጠፋል። የሠራልን ጥላሸት ነው። ከጠቆረ ድስት ጀርባ ፍቀን፣ በወንፊት ነፍተን፣ ከግራር ሙጫ ጋር አሸነው። አንዲት ጠብታ ሐሞት ሲገባበት ውሃው ላይ ተዘርግቶ ቀረ። የአንዱ ተማሪያችን አያት መሪጌታ ናቸው፤ መጥተው አዩንና ሳቁ። የብራና ቀለም ወራት እንደሚፈጅ ነገሩን። የእኛ ያንድ ቀን ቀለም ለብራና ባይሆንም ለመንሳፈፍ በቃን።

ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ደግሞ የት ላይ ይቁም የሚለው ነው። ልጅ ቀለም ካገኘ አይጠግብም። መደብ ግን ራሱን የቻለ ሥዕል አይደለም፤ ገና ጽሑፍ ይመጣበታል፣ ተቆርጦ የሚለጠፍ አበባ ይመጣበታል። ያገኙትን ሁሉ ሲደፉበት ጭቃ ይሆንና "እንኳን አደረሳችሁ" የሚለው አይነበብም። ከሁለት ቀለም በላይ አይቻልም ብዬ ደነገግሁ። አኮረፉ። መላውን ያመጣችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካርቶን መሐሉን በካርድ ልክ ቀድዳ፣ ተበላሸ በተባለው ወረቀት ላይ እንደ መስኮት አንሸራተተችው። ከተጨማለቀው መሐል ደህናው ቁራጭ ታየ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት መጣል ቀረ፤ ትልልቁ ቁራጭ ለካርድ፣ ቀጫጭኑ ለዕልባት ይቆረጣል። ድንጋጌዬን ግን አላነሣሁም።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ስለነበር ትእዛዙም ተደራርቦ መጣ። የዒድ ካርዶች በመጋቢት አለቁ፤ የፋሲካዎቹ ለሚያዝያ 12 ደረሱ። የወሎ ነገር ሆኖ ከአንድ ቤት ሁለቱንም ያዘዙ አሉ። ለዒድ ሐምራዊው የጨው መደብ ተወደደ። ለፋሲካ የጥላሸቱ ይጨልማል ብዬ ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው ግን እሱ ነው።

በ2018 የምትመዘገቡ ተማሪዎች ከቤት የማይፈለግ ጎድጓዳ ትሪ ካለ ይዛችሁ ኑ። ለማስተካከያ ካውያም ያስፈልገናል። ኤፎር ወረቀት አታምጡ፤ ስስ ስለሆነ ይጨማደዳል፤ የሥዕል ደብተር ወረቀት ይሻላል። ሐሞቱን እኔ አመጣለሁ።