ይድረስ ለውድ እህቴ

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የእማማ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሜሪላንድ ብርድም ጋብ ብሏል።

ዛሬ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ልጽፍልሽ ነው፤ ካንቺ በቀር የማወራው ሰው የለኝም። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ድሮ አይቶ ጨርሶታል። «ኢ አር» ይባላል። ቺካጎ ውስጥ ባለ አንድ ምናባዊ የሕዝብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሆነውን ያሳያል። የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994፣ በእኛ መስከረም 1987 ነው፤ ያበቃው በ2009። ያን ጊዜ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ «ዘ ፒት» የሚባል አዲስ የሆስፒታል ድራማ ይከታተላሉ። እዚያ ላይ አንጋፋውን ሐኪም ሆኖ የሚሠራው ኖዋ ዋይሊ በ«ኢ አር» ገና የሕክምና ተማሪ ነበርና፣ አንዷ «ከጥንቱ ጀምሪ» አለችኝ። ጀመርኩ፤ ማቆም አልቻልኩም።

የፈጠረው ማይክል ክራይተን ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ጽሑፉን በ1974 ጽፎት 20 ዓመት ተቀምጧል። ሐኪሞቹ እየሮጡ የሚነጋገሩትን ቃል ማንም ቆሞ አያብራራልሽም፤ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው፣ ተመልካቹን ያከብራል። ካሮል ሃታዌይ የምትባል ነርስ አለች። በመጀመሪያው ክፍል እንድትሞት ታስቦ ነበር፤ ተመልካች ስለወደዳት አቆዩአት። ሐኪሙ ሲሳሳት የምትናገር፣ ክፍሉን በእጇ የያዘች ነርስ ናት። ባየኋት ቁጥር አንቺን አያለሁ።

አንዱን ክፍል ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በማርች 1995 የተላለፈ ነው፤ የጻፈው ራሱ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የነበረ ሰው ነው። የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር እየሳቀች ትመጣለች። ዶክተር ግሪን የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት አዝዞ ይሸኛታል። ብዙም ሳይቆይ እየተንቀጠቀጠች ትመለሳለች፤ ለካ የእርግዝና ደም ግፊት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ምጥ፣ የማዋለጃ ሐኪም ጥበቃ፣ ደም... ልጁ ይተርፋል፣ እናቱ ትሞታለች። ሐኪሙ እጁን ማንሳት እያቃተው ደረቷን ይጫናል። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

ጤና ጣቢያ ከአዳር ተራ ስትመለሺ ቡና እንኳን ሳትቀምሺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ የምትተኚባቸው ቀናት ነበሩ። እማማ «ተያት፣ ደክሟት ነው» ትለኝ ነበር። እታለም፣ የዚያን ቀን ማን ሞታ ነበር? ልትነግሪኝ ከፈለግሽ አሁን መስማት እችላለሁ። ካልፈለግሽም አልጠይቅሽም።

ሌላ የምጠይቅሽ ግን አለ። አንቺ ብትሆኚ የድራማዋን ነፍሰ ጡር በየትኛው ሰዓት ነበር ወደ ሆስፒታል የምትልኪያት? መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው መድኃኒት፣ ማግኒዚየም ሰልፌትስ፣ አሁን አይቋረጥባችሁም? በእያንዳንዱ ክትትል ግፊት መለካታችሁን አውቃለሁ፤ መለኪያው አርጅቷል ያልሽው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት በእጅ የሚነፋ የግፊት መለኪያና አንድ ማዳመጫ ገዝቻለሁ። ለፋሲካ የሚገባ የጎረቤት ልጅ ስላለ በእርሱ እልካለሁ። ስትቀበዪ ንፋስ እንዳያስወጡ አይተሽ ንገሪኝ፤ ካስወጡ እቀይራቸዋለሁ።

እማማን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ