ፓይተን ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ወጣቶች ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እንደሚበቃቸው፣ ሲ ቋንቋ ግን ጊዜው ያለፈበት እንደሆነ መምከሩን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጎንደር አራዳ ላይ ለሱቆችና ለመጋዘኖች ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ የዕለት እንጀራዬ ፓይተን ነው። ምክሩ ግን ልጆቻችንን መንገድ ላይ የሚያስቀር ነው።

አዘዞ አካባቢ ያለ የሰሊጥ መጋዘን ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር እንድናገናኝለት ጠየቀን። ከሚዛኑ ጋር የመጣው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) በሲ የተጻፈ ሲሆን መረጃውን በስትራክቸር፣ ማለትም የተለያዩ መረጃዎችን በቅደም ተከተል አንድ ላይ በሚይዝ ቅርጽ፣ ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ የሚዛኑን ሁኔታ የሚያሳይ 1 ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ ነው)፣ ቀጥሎ ግራሙን የያዘ ባለ 4 ባይት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)። አብሮኝ የሚሠራው አዲስ ተመራቂ ሁለቱን ደምሮ 5 ባይት አነበበ። 50 ኪሎ ጆንያ ሲጫን ስክሪኑ ላይ 1,342,177,280 ግራም ወጣ!

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው? የሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ባለ 4 ባይቱ ቁጥር ለ4 በሚካፈል የማህደረ ትውስታ አድራሻ እንዲጀምር 3 ባይት ክፍተት ይተዋል፤ ስትራክቸሩም 8 ባይት ይሆናል። ልጁ በክፍተቱ ያሉትን ሦስት ዜሮዎች የክብደቱ አካል አድርጎ ስላነበበ፣ ቁጥሩም ከዝቅተኛው ባይት ጀምሮ ስለሚቀመጥ፣ የ50,000 ዝቅተኛ ባይት የሆነው 80 (50,000 ለ256 ሲካፈል የሚተርፈው) ከፍተኛው ቦታ ላይ ወጥቶ ያን ጉድ አመጣ። መፍትሔው እዚያው ፓይተን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አብሮት የሚመጣው ሲታይፕስ (ፓይተንን ከሲ ኮድ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የስትራክቸሩ ክፍሎች ዓይነትና ቅደም ተከተል በትክክል ከተነገረው ክፍተቱን እንደ ሲ ራሱ ይጠብቃል። ስለ ክፍተቱ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ግን ይህን መሣሪያ ምን ብሎ ይፈልገዋል?

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሲ ደግሞ ለጽሑፉ ማብቂያ አንድ ዜሮ ባይት ይፈልጋል። ለስም 16 ባይት በተመደበበት ስትራክቸር የሚገባው 5 ፊደል ብቻ ነው። ገብረመድኅን የተባለ ደንበኛ ደረሰኙ ላይ «ገብረመድ» ሆኖ ይቀራል። የሰው ስም እንዲህ ሲጎመድ ማየት ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሲን ተዉት የሚለውን ምክር እንድታርሙ እጠይቃለሁ። በየኮሌጁ ያላችሁ መምህራንም ተማሪዎቻችሁ አንድ ስትራክቸር በሲ ጽፈው ያንኑ በፓይተን ባይት በባይት እንዲያነቡ አድርጉ። ዓምዱ ቦታ ከሰጠኝ የሚዛኑን 8 ባይት በሥዕል አስደግፌ እልካለሁ።

ሶፍትዌር ሠሪው አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር