ሃይማኖቱን የቀየረ ሰው የት ይቀበር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሃይማኖቱን በቀየረ ሰውና ጥሎት በሄደው ወገን መካከል ስላለው ጠብ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስድቡ ነው፦ መናፍቅ፣ ጣዖት አምላኪ፣ ከሃዲ፣ ካፊር። ስድብ ያቆስላል። ጠቡ አጥንት የሚሰብረው ግን ሰው የሞተ ዕለት ነው። በእድር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው ይህንኑ ስለሆነ ሊሠራ ስለሚችለው ነገር ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ከመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ብዙ የሰፈር እድሮች ሲቋቋሙ መሥራቾቹ አንድ ደብር የሚሳለሙ ጎረቤታሞች ነበሩና ደንቡ ላይ «እድሩ የክርስቲያን እድር ነው» ወይም «ሃይማኖቱን የለወጠ አባል ይሰረዛል» የሚል ቃል ገባ። ቃሉ በሌለበትም ኮሚቴው የሥነ ምግባር አንቀጽ ጠቅሶ ሲሰርዝ ይታያል። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲያዋጣ ኖሮ ያዋጣው አይመለስለትም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። እድር የሚደርሰው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለእናት አባት፣ ለአማት ሁሉ በየደረጃው ይደርሳል። ልጁ ጴንጤ ሆነ ተብሎ ሲሰረዝ፣ በእሱ ስም የተመዘገበችው፣ ረቡዕና ዓርብን ስትጾም የኖረች እናቱ ያለ ድንኳንና ያለ ቀባሪ ትቀራለች። ኮሚቴው ይህን አስቦ አያደርገውም፤ የቤተሰብ መዝገቡን ገልጦ ስለማያይ ነው።

ለማስተካከል ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አባልነት በሃይማኖት ለውጥ ምክንያት አይቋረጥም። እድሩ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ዕቃና ጉልበት ሲሆን የቀብሩን ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚወስኑት ሟቹና ቤተሰቡ ናቸው።» ረቂቁ ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ለአባላት ይድረስ፣ በስብሰባው ላይ ይነበብ፣ ድምፅ ይሰጥበት፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረም፤ እድሩ የተመዘገበ ከሆነ ማሻሻያው ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት ይግባ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በጊዜው ነው። አንድ ቀብር ሰፈሩን ካመሰ በኋላ በሳምንቱ ማሻሻያ ማቅረብ ድምፁን በሟቹ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ያደርገዋል። ሐሳቡ መቅረብ ያለበት ለቅሶ በሌለበት ወር ነው።

ሃይማኖቱን የቀየረውም ሰው ግዴታ አለበት። አንዳንዱ «እኔ ከጨለማ ወጥቻለሁ» ብሎ ለቅሶ መድረስ ይተዋል፣ መቀጮውንም ከፍሎ የተገላገለ ይመስለዋል። በሰፈር ዓይን ግን ይህ ንቀት ነው፣ እሱ ሲሞትበትም ይታሰብበታል። ከፍትሐት ጸሎት መራቅ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ መቆም የኅሊናው ጉዳይ ነው። ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማመላለስ፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማምሸት ግን ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም።

ድንኳኑ ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው ድምፅ ማጉያው ነው። ሰባኪ ተነሥቶ «ዛሬ ብትሞቱ የት ናችሁ?» እያለ ጥቁር የለበሰችን እናት ወደ ራሱ እምነት ሲጠራ፣ ወይም ካህን «ይህ ሰው በክህደት ሞተ» ሲል፣ ልቅሶው ወደ ድብድብ ለመለወጥ ብዙ አይፈልግም። የእድሩ ሰብሳቢ አስቀድሞ ሁለቱንም ወገን ጠርቶ ሰዓት ያከፋፍል፦ የካህናቱ ጸሎት በዚህ ሰዓት፣ መዝሙሩ በዚህ ሰዓት፣ የሕይወት ታሪክ የሚያነበው አንድ የቤተሰብ ሰው ብቻ። የሟቹ ነፍስ ወዴት እንደሄደች በድምፅ ማጉያ አይነገርም፣ ይህን የጣሰ ማንም ይሁን ማን ማጉያውን ያስረክብ። ሙስሊምና ክርስቲያን በተቀላቀለበት ለቅሶ ደግሞ ሥጋ ባይቀርብ ይሻላል፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮና ምስር ማንንም አያስቀይምም። ወሎ ውስጥ ቤተሰቡ ከሁለቱም በሆነበት ቤት ለየብቻ አርዶ በየድስቱ መሥራት የቆየ ብልሃት ነው፤ ያን ልምድ ለሌለው ሰፈር ግን የጾም ምግብ ማቅረብ ይቀላል።

ከሁሉ የከበደው የመቃብር ቦታው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ከእምነቷ ለወጣ ሰው ፍትሐት አላደርስም ብትል መብቷ ነው፣ ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። በገጠር ግን የደብሩ ግቢ የአካባቢው ብቸኛ መቃብር ሲሆን፣ ሥርዓቱን መከልከል አፈሩንም መከልከል ይሆናል። ሬሳ ይዘው ከተማ ለከተማ የሚዞሩ ቤተሰቦች የሚመጡት ከዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከመቶ 10 ገደማ ነበሩ፣ በ1999ኙ 18.6 ሆነዋል። ዕድገቱ ሁሉ ሃይማኖት በመቀየር የመጣ አይደለም፤ መቃብር የሚያስፈልገው ሰው ግን በዚያው ልክ ጨምሯል፣ በብዙ ቦታ ግን መሬቱ አብሮ አልተሰጠም። በከተማ መቃብር ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ለራሳቸው አባላት ብቻ ስለሚፈቅዱ፣ በየትኛውም አባል ያልሆነ ወይም እምነትን ጨርሶ የተወ ሰው ከሁሉም ውጭ ይወድቃል።

ስለዚህ በየወረዳው የጋራ መቃብር ቦታ ይጠየቅ። ጥያቄው በአንድ ቤተ እምነት ስም ሲቀርብ «ሊስፋፉብን ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣበታል፤ የተለያየ እምነት ያላቸው እድሮች በአንድ ደብዳቤ ቢፈርሙበት ግን ለመቃወም ያስቸግራል። ቦታው ሬሳ በሸክም የሚደረስበት፣ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ ክረምት ውሃ የማይቋጥር ይሁን። አስከሬን ይዞ ከሄዱ በኋላ መጠየቅ አይረባም፤ ባለሥልጣኑም በዚያን ሰዓት የሚያስበው ግርግሩን ስለማብረድ እንጂ ስለ መሬት አይደለም። ቀብር የሚያውክና መቃብር የሚያረክስ ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 493 እንደሚጠየቅም በየእድሩ ይነገር፤ ይህን የማያውቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም መቃብር መነፈግን ያውቁታል። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ ከመንበራቸው ያወረዳቸውን የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የፕሮቴስታንቷ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገድሎ በድብቅ ቀበራቸው። የሁለቱም አፅም በወግ ያረፈው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ሐዘን የቀመሰ ምእመን የጎረቤቱን ሬሳ ከደጅ ሲመልስ ማየት ያሳምማል።

የቀረው የሰውየው የራሱ ቃል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ሰው የመረጠውን ሃይማኖት እንዲይዝ ይፈቅዳል፣ ማስገደድንም ይከለክላል። ሟቹ የፈለገውን ሳይናገር ከሄደ ግን ወላጆች ወደ አንዱ፣ ባል ወይም ሚስት ወደ ሌላው ይጎትታሉ። ወደ እስልምና የገባ ሰው ከሆነ ጊዜው ይበልጥ ይጠባል፤ የአዲሱ እምነት ወገኖቹ በዚያው ዕለት ሊቀብሩት ሲቸኩሉ የክርስቲያን ዘመዶቹ ሩቅ ያለው ወንድም ይድረስ ይላሉ። ልጃቸውን «ከውርሴ ነቅዬሃለሁ» የሚሉ ወላጆችም አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ያለው ወላጅ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል፣ ምክንያቱ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነውም ፍርድ ቤት ነው።

ስለ ቀብር ኑዛዜ ማድረግ ከባድ አይደለም። በራስ እጅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ራሱ ይጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጽበት፣ ቀን ይጻፍበት፣ በየገጹ ይፈርምበት። መጻፍ የማይችል ሌላ ሰው ያጽፍ፤ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁሉም ይፈርሙበት። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ቢናገርም ሕጉ ስለ ቀብሩ የሰጠውን ትእዛዝ ይቀበላል። ይሁን እንጂ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይወድቃል። ታሞ ተናግሮ የዳነ ሰው እንግዲህ ቃሉን በወረቀት ያስፍር፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለእድሩ ጸሐፊ ይስጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በእድር የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች፣ አዲስ አበባ