ለቀጣና አመራርነት ለመወዳደር ላሰባችሁ አባላት

ውድ የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣

ለመወዳደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያንብብ። መዋጮው ያልተከፈለ ወይም የሙያ ምስክር ወረቀቱ ጊዜ ያለፈበት ዕጩ ገና በማጣራቱ ላይ ይወድቃል፤ ስንት ብቁ ባለሙያ በዚህ ቀርቷል! ከአሠሪያችሁም ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፤ ስብሰባውና ጉዞው ደግሞ የሥራ ሰዓት መንካቱ አይቀርም።

ዋናው ነገር የዕጩነት መግለጫው ነው። «ደህንነትን አሻሽላለሁ» የሚል ቃል አይለካም፣ መራጭንም አያሳምንም። ይልቅ «በየ3 ወሩ አንድ የጋራ ሥልጠና እናካሂዳለን፤ የመጀመሪያው ጠባብና ዝግ ቦታ ገብቶ ስለመሥራት ይሆናል» በሉ፤ አስተባባሪውንና ወጪውን ጨምሩበት። ርዕሱን ለምን እንደመረጣችሁም አስረዱ። በእንዲህ ዓይነት ቦታ በሚደርስ አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ አየሩን ሳይለኩ ለማዳን የገቡ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ስለዚህ ሥልጠናው በጋዝ መለኪያ አጠቃቀምና ከውጭ ሆኖ በገመድ በማውጣት ላይ ያተኩር። ይህን የሚያነብ አባል ዕጩው ሥራውን እንደሚያውቅ ወዲያው ይረዳል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቷል። አሠሪዎችን ስታነጋግሩ ይህን አንሱ።

ቅስቀሳችሁ ትልልቅ ፋብሪካዎች ላይ ብቻ አይቅር፤ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ብቻውን የሚሠራው የደህንነት ባለሙያ ነው ማኅበሩን አብዝቶ የሚፈልገው።

የተመረጠ ሰው ከተሰናባቹ አመራር የአባላት መዝገብ፣ የሒሳብ ሰነድና ያልተቋጩ ጉዳዮችን ዝርዝር በፊርማ ይረከብ። የባንክ ፈራሚዎችንም ቶሎ ያስለውጥ፤ ይህ ከዘገየ የመጀመሪያው ሥልጠና ገንዘብ እያለ ይሰረዛል።