ኖቬምበር 7 ለተወለደችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። በልደትሽ ቀን የተወለዱ ታዋቂ ሰዎች ከነፎቷቸው፣ ከሥር ደግሞ ያንቺ ጥያቄ፦ «አባዬ፣ ከነዚህ ማንን እመስላለሁ?» በስልክ ልመልስልሽ ነበር። ነገሩ ሰፋ ሲልብኝ ጊዜ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደናገሪ።

መጀመሪያ ደስታሽን ትንሽ ላብርደው። በዓለም ላይ ከ8 ቢሊዮን በላይ ሰው አለ። ለ365 ብታካፍይው ልደትሽን የሚጋራሽ ወደ 22 ሚሊዮን ሰው ነው። ይሄ እንግዲህ አሁን በሕይወት ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የጥቂቱ ስም ቢታወቅ ምን ይገርማል? የፈለግሽውን ቀን ጥሪ፣ ሳይንቲስት አይጠፋበትም፣ ዘፋኝ አይጠፋበትም፣ ወንበዴም አይጠፋበትም። ዝርዝር የሚያወጡት ሰዎች ወንበዴውን መዝለል ስለሚቀናቸው ነው እንጂ።

የሚገርመው ሌላ ነው። 23 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቢገባ፣ ከመካከላቸው ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ይሄን የሰማ ሁሉ «ውሸት ነው» ይላል። ምክንያቱም በሆዱ የሚያሰላው የራሱን ልደት የሚጋራ ሰው ማግኘትን ነው። የተጠየቀው ግን የማንም ከማንም ጋር መግጠም ነው። 23 ሰው እርስ በርስ ሲጣመር 253 ጥንድ ይወጣዋል። 253 ጊዜ እንደ መሞከር ማለት ነው። ሰዎቹ 57 ሲሆኑ ዕድሉ 99 በመቶ ይደርሳል።

ኳስ ስለምትወጂ ይሄን ልጨምርልሽ። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ 32 ቡድኖች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 23 ተጫዋች ይዘው። ልደታቸው ሲታይ በ16ቱ ቡድኖች ውስጥ በአንድ ቀን የተወለዱ ተጫዋቾች ተገኙ። ልክ ግማሹ! ሒሳቡ እንዳለው። ሮናልዶና ኔይማርም ሁለቱም ፌብሩዋሪ 5 ነው የተወለዱት። «ይሄ ቀን ኳስ ተጫዋች ያወጣል» ልትዪ ስትይ ሜሲ በጁን 24 ይመጣብሻል።

«ታዲያ ኮከብ የሚባለውስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አብርሃም ሊንከንና ቻርለስ ዳርዊን የተወለዱት በአንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ በአንድ ዓመትም ነው፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809። ሊንከን ኬንታኪ ውስጥ አንድ ክፍል ባላት የግንድ ጎጆ፣ ዳርዊን እንግሊዝ ውስጥ ከሀብታም ሐኪም ቤት። ሊንከን ትምህርት ቤት የዋለው ተጠራቅሞ አንድ ዓመት ቢሞላ ነው። ዳርዊን ሕክምና ጀምሮ ቀዶ ጥገና ማየት ስላልቻለ ትቶት ወጣ። የሚያመሳስላቸው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱም እናታቸውን በልጅነታቸው አጥተዋል፣ አንዱ በ9 ዓመቱ፣ አንዱ በ8። ሁለቱም ባርነትን ይጠሉ ነበር። ኮከብ ቆጣሪ እዚህ ላይ ደስ ይለዋል። እኔ ግን የዳርዊንን ጥላቻ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ ከቤቱ ነው። የእናቱ አባት፣ ባለ ሸክላ ፋብሪካው ጆሳያ ዌጅዉድ፣ በሰንሰለት የታሰረ ተንበርካኪ ሰው የተቀረጸበት ትንሽ ሜዳሊያ እያሠራ ባርነትን ለመቃወም ያከፋፍል ነበር። ሰማይ ድረስ መውጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ራስሽ ቀን እንምጣ። ኖቬምበር 7 እውነትም ጉድ ያለበት ቀን ነው። በደንብ ከሚታወቁት ውስጥ እንኳ አራት የኖቤል ተሸላሚዎች አሉበት፦ ማሪ ኩሪ በ1867፣ ሕንዳዊው የፊዚክስ ሰው ራማን በ1888፣ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1903፣ ደራሲው አልበር ካሙ በ1913። ማሪ ኩሪ ሁለት ጊዜ ስለተሸለመች ሽልማቱ አምስት ይሆናል። ስለ እሷ ብዙ አልልሽም፣ ታውቂያታለሽ። የምትሠራባቸው ደብተሮች ዛሬም ጨረር ስለሚያወጡ እርሳስ ከሚባለው ብረት በተሠራ ሣጥን ውስጥ እንደሚቀመጡ ግን ታውቂ ነበር?

ካሙን እወደዋለሁ። አልጄሪያ ውስጥ ከደሃ ቤት ነው የተወለደው። እሱ ገና ሕፃን እያለ አባቱ በጦርነት ሞተ። እናቱ ማንበብ አትችልም፣ ጆሮዋም በደንብ አይሰማም፣ ሰው ቤት እያጸዳች አሳደገችው። በ1957 ሲሸለም፣ ከእናቱ ቀጥሎ ያሰበው የአንደኛ ደረጃ መምህሩን ነበር። ቁጭ ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። ራማን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ1930 የኖቤል ውጤት ገና ሳይነገር የመርከብ ትኬቱን አስቀድሞ ቆርጦ ነበር ይባላል። ደግነቱ አላሳፈረውም።

በዝርዝርሽ ላይ አንዲት ሴት ግን ከታች፣ በትንሽ ፎቶ ተቀምጣለች። ሊዘ ማይትነር። ኖቤል ስለሌላት መሰለኝ ወደ ታች የገፏት። እኔ ብሆን ከላይ አደርጋታለሁ።

ማይትነር በ1878 ቪየና ተወለደች። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ 14 ዓመት ሲሞላት ትምህርቷ አበቃ ይባል ነበር። በግሏ ተምራ፣ ተፈትና፣ በ1906 በፊዚክስ ዶክተር ሆነች። በዓመቱ በርሊን ሄደች። የኬሚስትሪ ተቋሙ ሴት አያስገባም። አብሯት ከሚሠራው ከኦቶ ሃን ጋር እንድትሠራ የተፈቀደላት ምድር ቤት ያለ፣ የድሮ የአናጢ ክፍል ነው፣ ያውም በራሱ በር እየገባች። ላይ ቤት መውጣት ክልክል፤ ደመወዝ የለም። መጸዳጃ ቤት ሲያምራት ደጅ ወጥታ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባት። እንደዚህ ጀምራ ከሃን ጋር ሠላሳ ዓመት ሠራች።

1938 መጣ። ማይትነር በዘሯ አይሁዳዊ ናት። እስከዚያ ድረስ የኦስትሪያ ዜግነቷ ትንሽ ከልሏት ነበር። በማርች ሒትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል መከለያው ተነሣ። ጁላይ ላይ ትንሽ ሻንጣ ይዛ በባቡር ወደ ሆላንድ አመለጠች፣ 59 ዓመቷ ነበር። ሃን የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጣት፣ ድንበር ላይ ከያዙሽ ጉቦ ይሆንሻል ብሎ። ደግነቱ አላስፈለጋትም።

አሁን ሎሬንዝን አምጪው። እሱም ቪየና ነው የተወለደው፣ እሱም ኖቬምበር 7። ገና የተፈለፈሉ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናታችን ብለው እንደሚከተሉ ያጠናው ሰው ነው። ጫጩቶቹ እሱኑ ተከትለው ሲሄዱ የሚያሳየውን ፎቶ ሳታዪው አትቀሪም፣ በጣም ያስቃል። ይሄው ሰው በዚያው በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። አንድ ከተማ፣ አንድ ልደት፣ አንድ ዓመት። አንዷ ከፓርቲው ትሸሻለች፣ አንዱ ይመዘገባል። በኋላ ተጸጽቻለሁ ብሏል፣ ሥራውም ሥራ ነው፤ በ1973 ተሸልሞበታል። እኔ ግን ኮከብ የሚባል ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

የማይትነር ታሪክ አላለቀም። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በስደት ስዊድን ሳለች፣ ከሃን ደብዳቤ ደረሳት። ዩራኒየምን ኒውትሮን በምትባል የአቶም ቅንጣት ብንመታው ባሪየም አገኘንበት፣ ይሄ እንዴት ይሆናል ይላታል። ባሪየም ከዩራኒየም በጣም ይቀልላል፣ ከዚያ ሊገኝ አይገባም። የእህቷ ልጅ ፍሪሽ ለገና እንግድነት መጥቶ ነበርና በበረዶ ላይ ሊንሸራሸሩ ወጡ፣ እሱ በስኪ፣ እሷ በእግሯ። እያወሩ ሄደው አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ማስላት ጀመሩ። የአቶሙ እምብርት ለሁለት ቢሰነጠቅ ሁለቱ ክፋዮች ተደምረው ከመጀመሪያው ትንሽ ይቀልላሉ። የጎደለችው ክብደት በአይንስታይን ቀመር ወደ ጉልበት ስትቀየር፣ ክፋዮቹ ተገፋፍተው ለመራራቅ ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት ጋር ልክ ገጠመች። የኑክሌር መሰንጠቅ የተብራራው እዚያ ግንድ ላይ ነው።

የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ለሃን ብቻውን ተሰጠ። ማይትነር የአቶም ቦምቡን ለመሥራት ተጋብዛም እምቢ ብላለች። ዛሬ 109ኛው ንጥረ ነገር በስሟ ማይትነሪየም ይባላል። ስለ ሽልማቱ ግን እኔ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ዘመዴ ይመስል።

ማንን እመስላለሁ ላልሽው፣ ማንንም። እናትሽን ነው የምትመስዪው፣ በተለይ ስትከራከሪ። ዝርዝሩን ግን አትጣዪው። 22 ሚሊዮን ሰው መሃል ለማንበብ አንድ ሰው ለመምረጥ ጥሩ ሰበብ ነው።

ደግሞ ቀኑን ራሱ ብዙ አትመኚው። ኒውተን ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ተወለደ የሚባለው እንግሊዞች ገና በድሮው አቆጣጠር ስለነበሩ ነው። በዚያችው ዕለት ጣሊያን ውስጥ ቀኑ ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ሉዊ አርምስትሮንግ ዕድሜውን ሙሉ ጁላይ 4 ቀን 1900 ተወለድኩ እንዳለ ሞተ። በኋላ የጥምቀት መዝገቡ ሲገኝ ኦገስት 4 ቀን 1901 ሆነ፤ ከባራክ ኦባማ ጋር አንድ ቀን ማለት ነው።

የማይትነርም ነገር እንዲሁ ነው። በቪየና የአይሁድ ማኅበረሰብ የልደት መዝገብ ላይ የተጻፈው ኖቬምበር 17 ነው። ሌላው ሰነዷ ሁሉ 7 ይላል፣ እሷም የምታከብረው 7ን ነበር። ስለዚህ ከዝርዝርሽ እንዳትሰርዢያት። አንቺ ደግሞ ይሄን ሰምተሽ 17ን ሁለተኛ ልደቴ ነው፣ ስጦታዬስ እንደምትዪኝ ከወዲሁ ታይቶኛል። አይሆንም። የሷን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ግዛልኝ ካልሽ ግን እንነጋገራለን።

አባትሽ