«ብርድ ነው» ላልሽኝ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ብርድ ሌሊት አምስት ጊዜ ከአልጋ አያስነሳም። ሽንትሽ ሲያቃጥልሽ ዘንድሮ ሦስተኛሽ መሆኑን የሰማሁት ከእህቴ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ልክ እንዳንቺ።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ ስለ ሽንት ፊኛ አነባለሁ። ሳቂብኝ። የፊኛው ውስጠኛ ግድግዳ በትልልቅ ሴሎች የተሸፈነ ነው። አንዱ ከሥሩ ያሉትን ብዙዎቹን ስለሚከልል የጃንጥላ ሴል ይሉታል። ላዩ በጠንካራ ፕሮቲን ስለተለበጠ ሽንት አያሳልፍም። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ፀጉር በመሰሉ ዘንጎቹ እዚያው ልባጩ ላይ ይለጠፍና ሾልኮ ይገባል። ሴሉም ዝም አይልም። የገባበትን መልሶ ወደ ሽንቱ ይተፋል። ነጭ የደም ሴሎችን ለእርዳታ ይጠራል። ካቃተው ባክቴሪያውን እንደያዘ ከግድግዳው ተላቅቆ ይወድቃል፣ ሽንት ጠርጎት ይሄዳል። ያኔ ግን ከሥር ያሉት ይጋለጣሉ። ጥቂት ባክቴሪያ እዚያ አድፍጦ ሊቆይ ይችላል። ማቃጠሉ ስለቆመ ብቻ አለቀ ማለት አይደለም።

አየሽ፣ ሴሉ እንኳ ሲብስበት ይጣራል። አንቺ ግን «አባትሽ ደህና ነው» አልሽኝ። የደረስኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣልኝም።

ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ መከላከያውም ይሳሳል። ለዚህ በብልት የሚደረግ የኤስትሮጅን ክሬም አለ። ይስማማሽ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። ማፈር የለም!

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎንሽን መውጋት ከመጣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ንግግርሽ ከተምታታም እህቴ እንድትወስድሽ ነግሬያታለሁ፤ አትቆጫት።

ባለፈው ሕመምሽ በሁለተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብለሽ በመሐረብ የጠቀለልሻቸውን ኪኒኖች ብቻሽን እንዳትጀምሪያቸው። መጀመሪያ ሽንትሽን ተመርመሪ፣ ካልቸርም፣ ማለት ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳየው ምርመራ፣ ይሠራልሽ።

ነገ ማታ እደውላለሁ። በቪዲዮ ይሁን፣ ፊትሽን ልየው። መሐረቡንም ፈትተሽ አሳዪኝ።

ልጅሽ